መቶ ግራም የማትሞላ ነፍስ፦ ትንንሽ ውሾችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታራቡ

የመጀመሪያዎቹ ቡችሎቼ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ገና ሳይደርቁ ጡት ፍለጋ ይድሁ ጀመር። ሦስተኛዋን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 84 ግራም አለች። ሁለት እንቁላል አታክልም። በማግስቱ 80 ሆነች። «አራት ግራም ምን አላት» ብዬ አለፍኩት። ማታ ሳነሳት ሰውነቷ ቀዝቅዟል፣ አፏን መክፈትም አቅቷታል። ደንግጬ ወተት ላንጠባጥብላት ስል የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ አስቆመችኝ። «መጀመሪያ ያሙቋት። ወተቱ ይደርሳል» አለችኝ። ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሹራቤ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እግሯን አንቀሳቀሰች። ተረፈች።

ያኔ የገባኝን ነው አሁን የምጽፈው። «ትንሽ ውሻ ናት፣ መውለዱም ማሳደጉም አይከብድም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በትንሽ ውሻ ሁሉም ነገር የሚለካው በግራምና በሰዓት ነው። ለስህተት የሚተርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ውሻዋ ከማርገዟ በፊት ነው።

መጀመሪያ፣ መራባት አለባት ወይ?

አብዛኛው ሰው የሚነሳው ከፍቅር ነው። ውሻውን ይወዳታል፣ እሷን የምትመስል ልጅ እንድታስቀርለት ይመኛል። ይገባኛል። ግን ቡችላ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚወስደው፤ ከእናቱም የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ እኛ አንመርጥም። «አንድ ጊዜ ብትወልድ ለጤናዋ ጥሩ ነው» የሚባለውም በሕክምና የተደገፈ አይደለም። ሳትወልድ የኖረች ውሻ የሚጎድልባት ነገር የለም። እንዲያውም ማምከን ማሕፀኗ መግል ከሚቋጥርበት ገዳይ በሽታ ያድናታል።

ከሽያጩ ትርፍ ለምትጠብቁ፦ በትንንሾቹ ዝርያዎች አንድ ወሊድ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቡችላ ነው። አንድ የሌሊት ቀዶ ሕክምና ትርፉን ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ በኔ እምነት ስሪያው መቅረት አለበት። ምጥ ላይ ያለች ውሻ ፊት ቆሞ ገንዘብ መፈለግ ለማንም የማልመኘው ነገር ነው።

ምጡ የሚከብደው ለምንድን ነው? እስቲ እናስላው። 30 ኪሎ የምትመዝን ላብራዶር 400 ግራም ገደማ የሚሆን ቡችላ ትወልዳለች። ከክብደቷ ከ1.5 በመቶ በታች ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን ቺዋዋ ደግሞ 120 ግራም የሚሆን ቡችላ ትወልዳለች። ይህ 6 በመቶ ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቺዋዋ ጭንቅላት ክብ፣ ዳሌዋ ጠባብ ነው። ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ዝርያዎች ደግሞ ይብሳሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመ ጥናት በቦስተን ቴሪየር፣ በቡልዶግና በፍሬንች ቡልዶግ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ወሊድ በቀዶ ሕክምና እንደነበር አሳይቷል።

እዚህ ላይ «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ) እየተባሉ ስለሚሸጡት እጅግ ትንንሽ ውሾች አንድ ነገር ልበል። ቲካፕ የዝርያ ስም አይደለም፤ የሻጭ ቃል ነው። ከወንድም ከእህቶቿ ሁሉ ያነሰችውን ሴት፣ ስላነሰች ብቻ መርጦ ማስረገዝ እሷንም ልጆቿንም ለሞት ማጋለጥ ነው። ሴቷ በዝርያዋ ልክ ከፍ ያለች፣ ወንዱ ደግሞ እሷን የሚያክል ወይም የሚያንስ ቢሆን ይመረጣል።

ጤናቸውን ማን አየው?

«ውሻዬ ጤነኛ ናት፣ ታምማም አታውቅ» ይባላል። ችግሩ፣ ወደ ልጅ የሚተላለፉ ብዙ በሽታዎች በወላጅ ላይ አይታዩም፤ ወይም የሚታዩት ከወለደች በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምርመራ ያስፈልጋል። አንዱ የእጅና የመሣሪያ፣ ሌላው የዘረመል ነው።

ከእጅ ምርመራ እንጀምር። በትንንሽ ውሾች በጣም ከሚታወቁት ችግሮች አንዱ የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ነው። ውሻዋ ስትሮጥ ድንገት አንድ የኋላ እግሯን አንጠልጥላ ሁለት ሦስት እርምጃ ትነጥርና እንደገና እንደ ደህና ትሮጣለች። ባለቤቱ ጨዋታ ይመስለዋል። ጨዋታ አይደለም፤ የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ወጥቶ ተመልሶ ነው። ሐኪም በእጁ ዳስሶ ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ውጤቱ 0 ቢሆን ነው ለማራባት የሚያስተማምነው።

ልብና ዓይንም ይታያሉ። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የልቧ ቫልቭ ከዕድሜ ጋር እየተበላሸ ይሄዳል። በአንድ ዓመቷ ብትመረመር ንጹሕ ናት፤ ያ ግን ስለ ነገ ምንም አይናገርም። ለዚህ ነው ካቫሊየር ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት እንዳትወልድ፣ የወላጆቿም ልብ በአምስት ዓመታቸው ጤነኛ ሆኖ እንዲገኝ የሚመከረው። አያቶቹን ሳያዩ የልጅ ልጅ አይገመትም። የዚህች ዝርያ ጤና እዚህ ደረጃ ላይ በመድረሱ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካቫሊየርን ባለችበት ሁኔታ ማራባት የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል።

ወደ ዘረመል ስንመጣ ነገሩ ይረቃል፤ ግን በአራት ቡችላ ማስረዳት ይቻላል። እያንዳንዱ ውሻ ከእያንዳንዱ ጅን (ከወላጅ ወደ ልጅ ባሕርይ ከሚያስተላልፈው የዘር ቅንጣት) ሁለት ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ። እንደ ቶይ ፑድል ባሉ ዝርያዎች ቀስ በቀስ የሚያሳውረው የዓይን በሽታ እንዲይዝ ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ውሻ ተሸካሚ ይባላል። እሱ ራሱ አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ግን በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ይታመማል፣ ሁለቱ ተሸካሚ ይሆናሉ፣ አንዱ ብቻ ነጻ ይወጣል። ሁለቱ ጤነኛ የሚመስሉ ወላጆች ናቸው ዓይነ ስውር የሚወልዱት።

ተሸካሚ የሆነ ውሻ ሁሉ ይወገድ ማለት ግን አይደለም። ይህን ብዙ ጀማሪ ይስታል። ተሸካሚውን ነጻ ከሆነ ጋር ብታገናኙት ከልጆቹ አንድም የሚታመም አይኖርም፤ ግማሾቹ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በቃ። ተሸካሚውን ሁሉ ከጣልን ዘሩ ይጠብና ሌላ በሽታ ብቅ ይላል። ለዚሁ ነው ዘመዳሞችን ማገናኘት የሚያስፈራው። ወንድምና እህት ተገናኝተው የሚወልዱት ቡችላ ከጅኖቹ 25 በመቶ ያህሉ ላይ አንድን ቅጂ ሁለት ጊዜ ይወርሳል። ተደብቆ የኖረ ጉድ ካለ የሚወጣው ያኔ ነው።

የቀለም ነገርም አለ። ጠጉራቸው በተሰባበሩ ነጠብጣቦች የሚዥጎረጎር፣ መርል የሚባሉ ውሾች ያምራሉ። ሁለት መርል ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይገባም። ከአራት ቡችሎች አንዱ ጅኑን ከሁለቱም ወገን ይወስዳል፤ እንዲህ ያለው ቡችላ ብዙ ጊዜ ደንቆሮ ወይም ዓይነ ስውር፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ሆኖ ይወለዳል። ለቀለም ሲባል ይህን ማድረግ ያናድደኛል።

አንድ ምርመራ ደግሞ ሁለቱም ወላጆች ከመገናኘታቸው በፊት የግድ ነው። ይህም የውሻ ብሩሴላ ለሚባለው በባክቴሪያ ለሚመጣ በሽታ ነው። በስሪያ ይተላለፋል፣ ያስወርዳል፣ አስተማማኝ ፈውስ የለውም፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። የወንዱ ባለቤት የምርመራ ወረቀት ሲጠየቅ ቅር ካለው ሌላ ወንድ ፈልጉ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን የድራት (ወንድ የምትፈልግበትን) ወቅት እለፉት። ገና ልጅ ናት። ብዙ ጠንቃቃ አርቢዎች አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላት፣ አንዳንዶቹም ሁለት ዓመት ድረስ ይጠብቃሉ። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የብሪታንያው ኬኔል ክለብ አንዲት እናት ከ4 ጊዜ በላይ የወለደቻቸውን አይመዘግብም፤ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወለደችም ከዚያ በኋላ ያሉትን አይቀበልም። አንመዘግብም የሚላችሁ በሌለበት እንኳ ይህን ልክ መያዝ ይቻላል።

ቀኑን መቁጠር

ሴት ውሻ በአማካይ በስድስት ወር አንዴ ድራት ይመጣባታል። መጀመሪያ ዘጠኝ ቀን ገደማ ትደማለች፤ ወንዱን አታስጠጋም። ቀጥሎ ወደ ዘጠኝ ቀን ትቀበለዋለች። ትንንሾቹ ራሳቸውን እየላሱ ስለሚያጸዱ ደሙ ላይታይ ይችላል። ነጭ ጨርቅ አንጥፉላት።

«በአሥራ ሁለተኛው ቀን አገናኟቸው» የሚለው የድሮ ምክር ለአንዳንዷ ይሠራል፣ ለአንዳንዷ አይሠራም። አንዳንዷ ቀድማ፣ አንዳንዷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው እንቁላል የምትለቀው። አስተማማኙ የደም ምርመራ ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ሲል እንቁላሎቹ መለቀቃቸው ይታወቃል። የውሻ እንቁላል እንደተለቀቀ አይጸንስም፤ ለመብሰል ሁለት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራው ሌላም ጥቅም አለው። ከስሪያ ቀን ሲቆጠር እርግዝናው ከ57 እስከ 72 ቀን ሊወዛወዝ ይችላል፤ እንቁላል ከተለቀቀበት ሲቆጠር ግን 63 ቀን ነው፣ አንድ ቀን ቢጨምር ወይም ቢቀንስ። ቀዶ ሕክምና የሚያሰጋት ውሻ ላይ ይህ ልዩነት ነፍስ ነው።

ከተገናኙ በኋላ ተጣብቀው እስከ ግማሽ ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። አትጎትቷቸው። ሁለቱም ይጎዳሉ። ድራቷ እስኪያልቅም ከሌላ ወንድ ጠብቋት፤ በአንድ ወሊድ ሁለት አባት ያላቸው ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ።

እርግዝናው

ወደ 28ኛው ቀን ላይ በአልትራሳውንድ የጽንሶቹ ልብ ሲመታ ይታያል። ከ55ኛው ቀን በኋላ ደግሞ በኤክስሬይ አጥንታቸው ስለሚለይ ይቆጠራሉ። ይህን ቆጠራ አትዝለሉት። ሦስት መሆናቸውን ካወቃችሁ፣ ሁለት ወልዳ ስታርፍ «ጨርሳለች» ብላችሁ አትተኙም። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ምጥ የሚጀመረው ጽንሶቹ በሚልኩት የሆርሞን ምልክት ነው። አንድ ብቻውን የሚልከው ምልክት ሊያንስ ይችላል፤ ቦታውም ሰፊ ስለሆነለት ይወፍራል። ምጥ ሳይመጣ ቀኑ ያልፋል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ታቅዶ ነው የሚያዘው።

ምግቧ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ ብዙም አይለወጥም። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይጨምር፤ ሆዷ ስለተጨናነቀ ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግሞ። ጥሩ የቡችላ ምግብ ይስማማታል። ካልሲየም ግን ለብቻው አትስጧት። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ሰው ለእናት አስቦ የሚሠራው ስህተት ስለሆነ። በእርግዝና ካልሲየም ከውጭ ሲገባላት ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ይተዋል። ስታጠባ ወተቱ ካልሲየሟን ሲስበው በድንገት ያልቅባታል። ብዙ ልጅ በሚያጠቡ ትንንሽ እናቶች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በወለዱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይከሰታል። ትቁነጠነጣለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያም ያንፈራግጣታል። ምልክቱን ባያችሁ ሰዓት ልጆቹን ከጡት አንስታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። እስከ ጠዋት የሚቆይ ነገር አይደለም።

የምጡ ሌሊት

የመውለጃ ሣጥኑን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጁላት፣ ትልመደው። ሐኪማችሁ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ጠይቁት። ካላነሳ፣ የሚያነሳ ሌላ ሰው ቁጥር ያዙ።

በመጨረሻው ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ለኩ። ብዙውን ጊዜ ከ38 በላይ የነበረው ወደ 37 ዲግሪ ሲወርድ ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። መጀመሪያ እረፍት ታጣለች፣ ጨርቁን ትቧጭራለች፣ ምግብ ትተዋለች። ይህ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ማማጥ ትጀምራለች።

ሐኪም የሚጠራባቸውን ሁኔታዎች ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በድንጋጤ ሰው ይረሳል። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት ካለፈና ምንም ካልወጣ። ሆዷ ውስጥ ቡችላ ቀርቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ካረፈች። አንድም ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፤ ይህ እንግዴ ልጁ መላቀቁን ያሳያል። ሙቀቷ ወርዶ አንድ ቀን ሙሉ ምጥ ካልመጣ። ምጥ የሚያፋጥን መርፌ በራሳችሁ ፈጽሞ አትውጉ። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ማሕፀኗ ሊቀደድ ይችላል።

ደህና ከሄደ እናት ራሷ ሽፋኑን ትቀድዳለች፣ ትልሳለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች። ካልቀደደች እናንተ አፍና አፍንጫውን ቶሎ ግለጡ፣ በንጹሕ ፎጣ እያሻችሁ አድርቁት። ቡችላን በእጅ ይዞ ማወዛወዝ የቆየ ልማድ ነው፤ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ተዉት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ወደ ሚዛኑ ልመልሳችሁ። አዲስ የተወለደ ቡችላ መንቀጥቀጥ አይችልም። ሰውነቱ ስብ የለውም፣ የተጠራቀመ ስኳሩም ጥቂት ነው። ሲቀዘቅዝ ሆዱ መፍጨት ያቆማል። ያኔ የገባ ወተት እዚያው ይቀራል፣ ወይም ወደ ሳንባው ይሄዳል። የዚያች ሌሊት ሐኪሟ ያስቆመችኝ ለዚህ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት፣ በዝግታ፤ ከዚያ ወተት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። ሣጥኑን በሙሉ አታሙቁት፤ አንዱ ጥግ ቀዝቀዝ ይበል፣ እናትም ቡችሎቹም ዞር የሚሉበት ይኑራቸው።

እንገሩን በተወለዱ ሰዓታት ውስጥ ይጥቡ። በሽታ የሚከላከለው ነገር ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

በቀን ሁለቴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ መጨመር አለበት፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። የቀነሰ ወይም ባለበት የቆመ ቡችላ ታሟል ማለት ነው፣ ምንም ቢመስል። እኔ አራቷን ግራም ስንቃት ነበር፤ ከሰውነቷ ወደ 5 በመቶ ነበረች። እናት ወተት ካነሳት የላም ወተት አይሆንም፤ ለቡችላ የተዘጋጀ ወተት ተጠቀሙ፤ ስታጠጡም በሆዱ አስተኝታችሁ እንጂ በጀርባው አንጋላችሁ አይደለም።

ከዚህ ያለፈ ቡችላ በራሱ ይሄዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን ዓይኑ ይገለጣል፣ ጆሮው ይከተላል። የትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ሐኪም በሚለካው መጠን ይሰጣል። በሦስተኛው አራተኛው ሳምንት የራሰ ምግብ መቅመስ ይጀምራል። ክትባቱ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይጀምርና እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል።

ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ የጠባዩ መሠረት ነው። የሰው ድምፅ፣ የልጅ እጅ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የተለያየ ወለል ያኔ ይልመድ። ትንሽ ውሻ ሁሉን ነገር የሚፈራና የሚናከስ ሲሆን ሰው «የዝርያው ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ያላዩትን እንዲፈሩ ሆነው ስላደጉ ነው።

ማን ቤት ይሄዳል?

ከስምንት ሳምንት በፊት ማንም አይውሰደው። በጣም ትንንሾቹን ብዙ አርቢዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ሳምንት ያቆያሉ፤ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ወሳጁን ጠይቁት፦ ቀን ቤት ማን አለ? ትንንሽ ልጆች አሉ? ከሶፋ የወደቀች አንዲት ኪሎ የማትሞላ ቡችላ እግሯ ሊሰበር ይችላል። ውሉ ላይም አንድ ነገር ይጻፍ፦ በማንኛውም ዕድሜ፣ በማንኛውም ምክንያት ማኖር ካልቻለ ውሻው ወደ እናንተ ይመለሳል። ይህን ለመፈረም የማይፈልግ አርቢ፣ ቡችሎቹን ወደ ዓለም ማምጣት አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ።

ሲሄዱ የወላጆቹን የምርመራ ውጤት፣ የክትባትና የትል መድኃኒት ቀኖቹን፣ የለመደውን ምግብ ለጥቂት ቀን የሚበቃና እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ ስጧቸው። አንድ ነገር ደግሞ በቃል ንገሯቸው። አዲስ ቤት የገባ ትንሽ ቡችላ በድንጋጤ ምግብ ይተዋል፤ ስኳሩም ቶሎ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን አራት ጊዜ ይብላ። ከተንገዳገደ፣ ከፈዘዘ፣ ከተዝለፈለፈ ድዱ ላይ ጥቂት ማር ወይም የስኳር ውሃ ይቀቡለት፤ ሐኪም ጋ እስኪደርስ ያቆየዋል። ስልካችሁንም ጨርቁ ላይ በተሰካ ወረቀት ጻፉላቸው፣ ሌሊትም እንደምታነሱ ጨምራችሁ።